የከሪማ ትንፋሽ

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ እንድሪስ፣

ይህን ብቻህን አታንብበው። አጠገብህ ያለውን ሰው ጥራውና ከጎንህ ይቀመጥ።

«እኛ አላህ ይመስገን ደኅና ነን» የሚለውን መስመር ዛሬ ዘለልኩት። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች አባ አጠገቤ ተቀምጠው አስጽፈውኛል። ይህን ግን አያውቁም።

ከሪማ የለችም። ረመዳን በገባ በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚይዝህ ሰው ቆሞ ነበር መስማት የነበረብህ። አባም «ከግንባር ሲመለስ ይነገረዋል» ይላሉ። ካልተመለስክስ? ይህን አልጠየቅኳቸውም።

ለብሔራዊ ውትድርና ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀርህ የሆነውን ታስታውሳለህ? ደሴ ድሬሰርነት ስትማር ያመጣህልን፣ ስኳሯን ለማየት ከሽንቷ ጋር የምናፈላው ሰማያዊ ውሃ አልቆ ነበር። ከሪማን አፍሽን ክፈቺ አልካትና ወደ እኔ ዞርክ።

«መዲና፣ ማለዳ ማለዳ አሽትቻት። ከዛፋችን ወድቆ የበሰበሰ ዘይቱን ከሸተተሽ ስኳሯ ጨምሯል ማለት ነው። ያኔ ውለሽ እንዳታድሪ፣ ደሴ ይዘሻት ውጪ።»

«የሷ አፍንጫ?» ብላ ሳቀች ከሪማ። «ወጡ ሲያር እንኳ መቼ ይሰማታል!»

የቤታችን ትንሿ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ከሄድክ በኋላ ደብዳቤ ስጽፍልህ፣ ፖስታው ሳይታሸግ ትነጥቀኝና ውስጡ ትተነፍስበታለች። «ድሬሰሩ ራሱ ያሽትት፤ አንቺን አላምንም።» አንተም ትመልሳለህ፦ «ፖስታውን አሸተትኩ። የወይዘሪት ከሪማ ስኳር ደኅና ነው።» ደብዳቤህን ይዛ ሰፈሩን ትዞር ነበር።

ረመዳን ገባ። የጎረቤታችን ልጅ ሳፊያ «አንቺ እኮ ገና ሕፃን ነሽ፣ ቀን ትበያለሽ» አለቻት። እማ በሽተኛ እንደማይገደድ ነገረቻት፣ ለመነቻት። አልሰማችም፤ ጾመች። እኔም ኮራሁባት። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ኮራሁባት።

ማለዳ ከመጋረጃው ኋላ የስኳር መርፌዋን እንደምትወጋ ነበር የምናውቀው። መርፌ ጾም ያፈርሳል ብላ ፈርታ ኖሯል። ያወቅነው ከቀብር ስንመለስ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እንደሞላ ስናገኘው ነው።

በሰባተኛው ቀን አሸተትኳት። ዘይቱን። ወድቆ ንብ የወረረው ዘይቱን።

«ከሪማ፣ ሸተትሽኝ።»

«ጾመኛ ነኝ እኮ! የጾም አፍ ነው።»

እማ ከጓዳ ሰማችን። «ወላሂ አንቺ ልጅ! የጾመኛ አፍ ሽታ አላህ ዘንድ ከሚስክ ሽቶ ይበልጣል ሲባል አልሰማሽም? በይ ተያት።»

አፈርኩ። ተውኳት።

ጠማት፤ ጾመኛ ይጠማዋል። ደከማት፤ ጾመኛ ይደክመዋል። የግንቦት ሙቀት ነው አልን። በማግስቱ ሽታው ይበልጥ ጣፈጠ። «ማሻአላህ» አልኩ። እኔ። በዚህ አፌ።

በዘጠነኛው ቀን ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ሆነ። ወደ ደሴ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከስብሰባ እስኪወጡ አዝለናት በር ላይ ቆምን። ረፋዱ አለፈ። መኪናው የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አፏ አንገቴ ሥር ነበር። ትንፋሿ ሲመላለስ ይሰማኛል። ከዚያ ዳገቱ ሳያልቅ አንገቴ ቀዘቀዘኝ።

እንድሪስ፣ አንድ ሽታ አስተማርከኝ፤ ጾም እንዳለ ግን ረሳህ። አንተም የዚህ ቤት ልጅ ነህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ምን ነበረበት? «ጾም ነው ብትልሽም እንዳትሰሚያት» ብትለኝ? ይህን ስጽፍ ጥፋቴን ላካፍልህ እየፈለግኩ እንደሆነ ይገባኛል። ግማሹን ብትወስድልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ከሞተች በኋላ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳሽግ፣ አባ «እንደ እሷ አድርጊው፣ እንዳይጠረጥር» አሉኝ። ፖስታው ውስጥ እኔ ተነፈስኩበት። አንተም መለስክ፦ «አሸተትኩ። የወይዘሪት ከሪማ ስኳር ደኅና ነው።»

አባ ደብዳቤህን ሳነብላቸው አለቀሱ። እኔ ጠላሁህ። አፍንጫህ ከእኔ አፍንጫ አይሻልም፤ ሁለታችንም የሸተተን የምንፈልገው ነው።

ከመጣህ ግቢያችን ውስጥ ዘይቱኑን አታገኘውም። አባን ለምኜ አስቆረጥኩት። ሥሩ ግን እንደገና እያቆጠቆጠ ነው።

በዚህ ፖስታ ማንም አልተነፈሰበትም። አታሽትተው።

እህትህ መዲና