ቤታቸው ያልተገኙት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 3፡00

የመጨረሻው ሠንጠረዥ ገባ። ድምሩ ገጠመ። ማስታወሻዬ፣ ተገላገልኩ! ጥያቄው አንድ ነበር፦ በቋሪት ገጠር ያሉ ነፍሰ ጡሮች በጤ/ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ይጠቀማሉ ወይ? ቤታቸው ሩቅ የሆነ ሴቶች ምጥ ሳይመጣ ቀድመው መጥተው የሚያርፉበት ክፍል ነው። ከጠየቅናቸው አብዛኞቹ አልሄዱም። ለምን? «ቤቴ ይሻለኛል።» ደጋግሞ ይኸው። መደምደሚያዬ አንድ መስመር፦ እናቶች ማቆያውን አይፈልጉትም። አለቃዬ አቶ ይበልጣል ደስ ብሏቸዋል። ክፍሉ መጋዘን ይሁን የሚል ሐሳብ ጨመሩበት። ሪፖርቱ የሚቀርብበት ስብሰባ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም።

ከሰዓት 9፡00

ስልክ። ሲ/ር ይታይሽ፣ የዚያው ጤ/ጣቢያ አዋላጅ። ሪፖርቱ ደርሷቸዋል። ሰላምታም የለ። «አልጋ ሞልቶብኝ መሬት ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ፤ አንቺ አይፈልጉትም ትያለሽ! በየትኛው ዓይንሽ አየሽው?»

ረጋ ብዬ መለስኩ። እርስዎ የሚያዩት የመጡትን ብቻ ነው፤ ያልመጡት አይታዩዎትም። በርዎ ላይ ቆመው ስለ አገሩ ሁሉ ሊመሰክሩ አይችሉም። ስልኩ ተዘጋ። በመልሴ ኮራሁ።

ማክሰኞ 9

ኩራቱ አልዘለቀም። አልጋው ከሞላ፣ የሞሉት እነማን ናቸው? እኛ ካልጠየቅንበት ከጎረቤት ወረዳ ከሰከላ የሚመጡ ይሆናሉ ብዬ ለሲ/ር ይታይሽ ደወልኩ። እየተቆጡም ቢሆን መዝገቡን ገልጠው አነበቡልኝ። አብዛኞቹ እኛ ከጠየቅንባቸው ቀበሌዎች! ታዲያ እኛ እንዴት አጣናቸው? ሁለታችንም እውነት ይዘን ይሆን? ደስ የሚል ነገር። የሚያስፈራም።

ሐሙስ 11

ቅጾቹን ከካርቶን አወጣሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ነገር አለ፦ የጀርባው ገጽ። «ተጠያቂዋ አልተገኘችም። በቅርብ ባለች ነፍሰ ጡር ተተካች።» ሌላም። ሌላም። ጠረጴዛው ሞላ። ጠያቂዎቹን ወደሚያስተባብረው ሙሉሰው ደወልኩ። አንቺው አይደለሽ ቆማችሁ አትጠብቁ፣ ተኩና እለፉ ያልሽን፣ አለ። እውነቱን ነው። በሥልጠናው ቀን ያልኩት እኔ ነኝ።

ግን ቀስ። አልተገኘችም ማለት ማቆያ ሄዳለች ማለት አይደለም። ገበያ ይሆናል። ለቅሶ ይሆናል። አላውቅም። አለማወቄ ራሱ ግን ሪፖርቱ ላይ የለም።

ቅዳሜ 13፣ ቡሬ

ለጾሙ ቅበላ አባባ ዘንድ። መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። የገጠመኝን አጫወትኳቸው። እየበሉ ሰሙኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው፦ «ልጄ፣ የቀረ ተማሪ ዜማ አይስትም። የመጡትን ብቻ ሰምቼ ጉባኤው ሁሉ እንዲህ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

ለሲ/ር ይታይሽ የመለስኩት ቃል እኮ ነው! ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። እሳቸው ማቆያ የመጡትን ያያሉ፤ እኔ ቤት የቀሩትን።

ማክሰኞ 16፣ ቋሪት

ትናንት መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ሚኒባስ ያዝኩ፤ የወረዳው ከተማ ገበዝ ማርያም አደርኩ። ዛሬ ከሲ/ር ይታይሽ ጋር በእግር፣ «አልተገኘችም» የተባሉትን ስም ይዘን። እንደ ታላቅ እኅት እታለም እላቸዋለሁ አሁን፤ ቁጣቸው በርዷል።

አንዷ ያን ቀን ገበያ ነበረች። አንዷ ለቅሶ። ሦስተኛዋ ማቆያውን አልወደውም አለች፣ ፊት ለፊት፤ ወንዱ ሁሉ እንዳሻው ይገባበታል። የእታለም ፊት ተለዋወጠ። ጻፍኩት። እሱም መልስ ነው።

አራተኛዋ ጥሩዬ። ሕፃን ታቅፋለች። ሰዎቻችሁ ሲመጡ እኔ ማቆያ ነበርኩ፣ አለች። በሷ ፈንታ የተጠየቀችው ጎረቤቷ አገሬ ናት፤ «ቤቴ ይሻለኛል» ካሉት አንዷ። አጥሩን ዞረን ሄድን። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር። ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኳት።

«ታዲያ ምን ልበል? የጥሩዬን ልጆችና ላሞች የያዝኩ እኔ! በትኛቸው ልሂድ?»

አሁንስ ማቆያ ትሄጃለሽ ወይ?

«በዚህ ሳምንት ነዋ። ተራው የኔ ነው። አሁን ደግሞ እሷ ትያዝልኝ።»

ተራ! ቅጹ ላይ ተራ የሚል ምርጫ የለም። የሄደችውን ዘለልናት። እንድትሄድ ቤቷን የያዘችላትን ጠየቅን። ከዚያ «አይፈልጉም» ብለን ጻፍን። እታለም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ያ ክፍል ቢዘጋ አገሬ የት ነበር የምትሄደው?

ሐሙስ 18፣ ፍ/ሰላም

አቶ ይበልጣል ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥቂት ሴቶች ቃል ጥናት አይፈርስም አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ሁሉም ይፈልገዋል አላልኩም፤ ያልወደደችውም አለች። ያልኩት፣ «አይፈልጉትም» ለማለት የያዝነው አይበቃም ነው። ገባቸው። የፈሩት ሌላ ነው።

«ስመኝ፣ ተሳሳትኩ ብለሽ ከተነሣሽ ከእንግዲህ ሥራሽን ማን ያምናል?»

እውነት፣ ማን ያምናል?

ዓርብ 19፤ ከሰዓት 10፡00

ተነሣሁ። የመደምደሚያውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይሰረዝልኝ አልኩ። ቤት የቀረችውን ጠይቀን በሄደችው ላይ ፈረድን። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ጥያቄ፣ ክርክር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። የምመልሰውን መለስኩ፤ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ይቀላል ለካ። መጨረሻ ላይ አቶ ይበልጣል እጃቸውን አወጡ። አለቀልኝ ስል፣ መጋዘኑ ይቆይ፣ ጥናቱ ይደገም አሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ከእንግዲህ የሚያምነኝ ይኑር አይኑር ገና አላውቅም። ክፍሉ ግን አልተዘጋም።

አሁን ቢሮ ነኝ። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ወስኛለሁ፦ በዚህ ዙር እኔም ቅጽ ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ። የጠያቂዎቹን አዲስ መመሪያ ጀመርኩ። ቁ. 1፦ ተጠያቂዋ ካልተገኘች ተክታችሁ አትለፉ። የት እንደሄደች ጠይቁ። ቤቷን ማን እንደያዘላትም።