ላልሞተ ልጄ ያወረድኩት ሙሾ

ማክሰኞ

አይደለም! እኔ ሙሾ የማወርደው ሰው ሲሞት ነው እንጂ ሰው ሲለምነኝ አይደለም። በመቱ ከተማ እኔ አስካለ ያላለቀስኩለት ሬሳ የለም፣ ይሄ እውነት ነው። ሬሳ ሳይኖር ግን አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። ይሄን ጻፊ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም እኮ፣ ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ለራሴ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የተከራያችን ነው፣ የኃይሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ነው፤ የሚማረው ቴአትር ነው። እኔ ደግሞ ይሄም ትምህርት አለው ወይ ብዬ ስቄ ነበር። ሊጨርስ ሲል፣ አንድ ዓመት አገር ቤት ወርደህ የተማርከውን በእጅህ ሠርተህ አሳይ ብለው ላኩት። እሑድ አስተማሪው መጥቶ ያይለታል። ከወደደለት ወረቀቱን ያገኛል። ካልወደደለት ዓመቱን ውሃ በላው።

ዛሬ ምሳ ላይ «እማማ፣ ቴአትሩ ውስጥ ለቅሶ አለ፣ ያለቅሱልኛል?» አለኝ።
«ማን ሞተ?»
«ማንም አልሞተም።»
«እንግዲያው ማንም ያልቅስለት» አልኩና ሳህኑን አነሳሁበት። ገና አልጨረሰም ነበር። ይበለው።

ረቡዕ

ፊደሉ ዛሬ አልገጥም አለኝ። አባቴ ፊደል አስቆጥሮኝ ዳዊት ሳልጀምር ነው የዳረኝ፤ በደህናው ቀንም ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው።

ጠዋት ነጩ አንሶላዬ ከገመድ ላይ ጠፋ። እልፍነሽን፣ የልጄን የጌታሁንን ሚስት፣ ብጠይቃት ዓይኗ ተንከራተተ። «ለቴአትሩ ነው እማማ» አለች። እየተራገምኩ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄድኩ።

በሩን ስከፍት መሀል ላይ ቃሬዛ ተቀምጧል። ቃሬዛው ላይ አንሶላዬ አለ። አንሶላው ውስጥ ልጄ አለ።

ጌታሁን! ተገንዞ! ሁለቱ የእግሩ አውራ ጣቶች በነጭ ክር ታስረዋል።

አራት ወልጄ ሦስቱን የቀበርኩ ሴት ነኝ። የሦስቱንም እግር ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ክሩን የገመድኩትም እኔ ነኝ። እንዴት እንደ ጮህኩ አላውቅም። ተደፍቼ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ሬሳው ተነስቶ ተቀመጠና «እማዬ፣ ጥርስሽ ቀዝቃዛ ነው» አለኝ። የምስቅ መስሎት! በጥፊ አልኩት። አርባ ሊሞላው ነው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ በሰው ፊት በጥፊ አልኩት።

ሐሙስ

ኃይሉ እግሬ ላይ ወደቀ። በመቱ ከተማ ሬሳ የሚሆን ሰው ጠፋ ነው የሚለኝ። ሁሉም ሽማግሌ መሆን፣ ዳኛ መሆን ይፈልጋል፤ ሬሳ ሁን ሲሉት «ሟርት ነው» ብሎ ይሸሻል። እሺ ያለው የኔ ጅል ብቻ ነው። እሱ ከወጣ ቴአትሩ የለም።

«እማማ፣ የሚሞተው ጌታሁን አይደለም፣ ታሪኩ ውስጥ ያለው ገበሬ ነው።»
«የተገነዘው ማን ነው?» አልኩት።

ማታ ጌታሁንን ብቻውን ያዝኩት። «ምን አሳበደህ?» ስለው አንገቱን ደፍቶ፣ «እማዬ፣ ስንት ዓመት የሰው አቤቱታ ስገለብጥ ኖርኩ። ባለጉዳይ ወረቀቱን እንጂ እኔን አይቶኝ አያውቅም። ተኝቼም ቢሆን አንድ ቀን ሰው ይየኝ» አለ።

ቢሆንም አልፈቀድኩም። ሞትን ስሙን ጠርተው፣ አንጥፈውለት፣ ልጄን አስተኝተውለት? አንድ ነው የቀረኝ። አንድ!

ዓርብ

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አልዓዛርም ተገንዞ ነበር፣ ግን ተነሳ» አሉኝ።
«አልዓዛር መጀመሪያ ሞቶ ነበር አባቴ» አልኳቸው።
«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ነው የምታስተምሪው?» አሉና መስቀል አሳለሙኝ። ጸበል ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግኩት፦ ተኝቶ ሳለ ጸበሉን ረጨሁበት፣ በብርድ ነቅቶ ተቆጣኝ። አንሶላዬን ደበቅኩ፣ እልፍነሽ የራሷን ሰጠች፣ ምን ዓይነት ሚስት ናት? እህል አልቀምስም አልኩ፣ ማንም አልለመነኝም፣ በላሁ።

ነገ አልሄድም።

እሑድ

ሄድኩ። ባይሆን አጠገቡ ልሁን ብዬ።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሏል። የአዲስ አበባው አስተማሪ መነጽሩን አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። ልጄን ተሸክመው አስገቡት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አልቃሿ መጣች። አልቃሿ ማን ናት? መምህር በቀለ፣ የሒሳብ አስተማሪው! እኔ እምቢ ካልኩ ወዲህ ሌላዋ ሴት ሁሉ መድረክ መውጣት ነውር ነው ብላ፣ ጺም ያለው ሰውዬ ነጠላ አዘቅዝቆ! ይሄም ይሁን። ግን ወረቀት አውጥቶ አነበበ! በሬ ይላል፣ ሞፈር ይላል፣ ጎተራ ይላል። ሙሾ ነው የግብር መዝገብ? ልጄ ሞፈር ነክቶ አያውቅም። ደረቱን ሲመታ ደግሞ እንደ አቧራ አራጋፊ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ።

በልጄ ለቅሶ ላይ ሳቁ!

እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መቼ እንደ ተነሳሁ አላውቅም። መድረኩ ላይ ራሴን አገኘሁት። በቀለን በክርኔ ገፋሁትና ሙሾዬን አወረድኩት፦

የሰው አቤቱታ ሲጽፍ እየዋለ፣
የእናቱን ሳይጽፍላት ምነው ዝም አለ።

አንዱ ሲመጣ ሌላው ተከተለ። የቀበርኳቸውን የሦስቱንም ስም ጠራሁ፣ የጌታሁንን አራተኛ አድርጌ ጨመርኩ። ሳቁ ጠፋ። ወንዱ ሁሉ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ከውጭ ያለው መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ያለቅሳል አሉ። ከዚያ አንሶላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጌታሁን እየተንሰቀሰቀ ተነስቶ ተቀመጠና «እማዬ በቃ! አልሞትኩም!» አለ። ከፊት የነበሩት ሴቶች ወንበር ጥለው ሮጡ።

ታሪኩ ላይ ሬሳ አይነሳም። ኃይሉ መጋረጃው ሥር ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

አስተማሪው መጣና «ይህችን ሴትዮ ስንት ቀን አለማመድካት?» ብሎ ጠየቀው።
«እሷን ማን ያለማምዳታል?» አለ ኃይሉ። ሰውየው ብዙ ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ አላሳየንም።

እኔ ግን ምን አደረግኩ? በገዛ አፌ፣ በቁሙ አለቀስኩበት!

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ በር ላይ «ወዮ! ኢልማ ኮ!»፣ ወዮ ልጄ፣ የሚል የኦሮምኛ ጩኸት። ከሁሩሙ የመጡ ዘመዶች ናቸው፣ ስምንት ሆነው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው። ትናንት በአዳራሹ በኩል ያለፉ ሰዎች «አስካለ ልጇን እያለቀሰች ነው» ብለው ወሬውን ይዘው ሄደዋል። ጌታሁን መፋቂያ ጥርሱ ላይ እንዳለ ብቅ ሲል አክስቱ ዘጭ አለች። በውሃ አነቃናት። «ኢንጅራ! ኢንጅራ!» እያለች፣ በሕይወት አለ ማለቷ ነው፣ ፊቱን ትዳብሰው ጀመር፣ እንደ ዕውር። ከዚያ እኔን ሰደበችኝ። ቡና አፈላሁላት።

እሱ ከምሳ በፊት መዝገብ ሊያመጣ ጎሬ ሄደ፣ በቡና መኪና ላይ ተሳፍሮ። አትሂድ አልኩት። «እማዬ፣ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ያወቀኝ ጀመር» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ለከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ጸሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ዝናቡም መንገዱን ሳያበላሸው አልቀረም።

አሁን ከታች፣ ከጎሬው መንገድ፣ ለቅሶ ይሰማኛል። ብዙ ሰው ነው። ኡካ የሚኖሩት ዘመዶቻችን ይሆናሉ፣ ኡካ ወሬው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አዎ፣ የትናንቱን ሰምተው ነው። የትናንቱን ነው። እንደ ጠዋቶቹ ናቸው።

እልፍነሽ ከበር ላይ ትጠራኛለች። «እማማ፣ ቶሎ ይምጡ!» ድምጿ ምን ሆነ? መጣሁ በያቸው፣ መጣሁ