ለሻሺቱ ሳስረዳ

ጥቅምት 21
ሙቀቱ ለጉድ ነው። ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ ሰፈር የሚያወጣውን ዳገት ዛሬም ከሻሺቱ ጋር በእግር ወጣነው፣ ቤተ መጻሕፍት ለመግባት። መንገዱን ሙሉ ስለ ኩላሊት ሳስረዳት ነበር። ሶዲየም ሲወጣ ውሃው ለምን ይከተለዋል? አስረዳኋት። "አልገባኝም፣ ድገሚልኝ" አለች። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ቆጣ አልኩ መሰለኝ። እሷ አትቀየምም።

አራት ዓመት ነርስነት ተምረን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ለጥር ድጋሚ ፈተና አሁንም እናጠናለን። የመውጫ ፈተናው ማለፊያ ሃምሳ፣ ባለፈው እሷ አርባ ስምንት፣ እኔ አርባ ዘጠኝ አመጣን። በአንድ ነጥብ ዲግሪ ይከለከላል?

ጥቅምት 29
በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስልጠና ነበር፣ "የመማር ስልትዎን ይወቁ" የሚል። አሠልጣኙ ሃያ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አደለን። ምልክት አድርጌ ደመርኩ... በማየት የምትማር። ሻሺቱ ደግሞ በመስማት። "በማየት የሚማር ቀለም ይጠቀም፣ ሥዕል ይሥራ፣ ከወሬ ይራቅ" አለ።

ለካ! ይኼን ሁሉ ጊዜ እሷን ሳስረዳ ጊዜዬን ስትበላው ኖራለች። ክፉ ነኝ? እንጃ። የጎደለኝ እኮ አንድ ነጥብ ነው።

ኅዳር 2
ነገርኳት። "እስቲ ለየብቻ እንሞክረው። የኔ ማየት ነው ተብሏል አይደል?"

"የኔ ደግሞ መስማት ነው። ታዲያ ማንን ልስማ?" ስቃ ነው ያለችው። ከዚያ "ይሁን፣ ላንቺ የሚሻል ከሆነ" አለችና መጽሐፏን ይዛ በረንዳ ወጣች።

ኅዳር 19
ግድግዳው በሥዕል ወረቀት ሞላ። ልብ ቀይ፣ ኩላሊት ቢጫ፣ ሳንባ ሰማያዊ። ያምራል።

ሻሺቱ በረንዳ ሆና ስሜን ጠራች፣ "ዕድሌ፣ አንዴ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ሰምቻታለሁ። ቀለም መቀባቴን ቀጠልኩ።

ጥር 24
ፈተናው አለቀ። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ቢጫው ወረቀት ትዝ አለኝ። በስተቀኝ፣ ከመስኮቱ በታች። ላዩ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ግን... ምንም። ቀለሙ ብቻ።

የሶዲየሟን ጥያቄ ወዲያው መለስኳት። ከኩላሊቱ ለምን እሷን ብቻ?

የካቲት 6
ውጤት ወጣ። እኔ አርባ አራት። ሻሺቱ አርባ አንድ።

ስልኳን ገልብጣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። "ጌታ ያውቃል" አለች። አባቴ ከመንደራችን ከላንቴ ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም። ምን ልበለው? ከባለፈውም ባሰብኝ ልበለው?

የካቲት 9
ሻሺቱ ወደ ቤተሰቦቿ፣ ወደ ገረሴ ሄደች። ፍራሿን ሳይቀር ጠቅልላ። ሚኒባሱ ላይ አብሬያት ጫንኩ። ለመመለስ እንዳላሰበች ገብቶኛል... አልጠየቅኳትም። አፍሬ ነው።

የካቲት 15
ጠዋቱን ሙሉ ጋደም ብዬ የፈተናውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሳስታውስ ነበር። በእርግጠኝነት የመለስኳቸው ሁሉ ለሻሺቱ ያስረዳኋቸው ናቸው። ዳገቱ ላይ፣ ልብስ ስናጥብ፣ ሽሮ ስናማስል። ግድግዳው ላይ ብቻ ያሉት የሉም።

የምማረው ሳስረዳ ነበር ማለት ነው። ሰው አልገባኝም ሲለኝ። ሃያው ጥያቄ ውስጥ እንዲህ የሚል አልነበረም። ጊዜዬን በላችው ያልኳት ልጅ... እኔ ነኝ ዓመቷን የበላሁት። ወረቀቶቹን ሁሉ ቀደድኳቸው። አሁን ምን ይጠቅማል?

የካቲት 23
ለባዶው ክፍል ለማስረዳት ሞከርኩ። ጮክ ብዬ፣ እንደ እብድ። ክፍሉ አይጠይቅ፣ አይከራከር። መሀል ላይ ምን እያልኩ እንደነበር ጠፋኝ። ለቀጣዩ፣ ለሰኔው ፈተና ባልመዘገብስ? ማን ይጎዳል?

የካቲት 24
ምንም አላነበብኩም።

መጋቢት 8
ገረሴ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሻሺቱ ጓሮ ተቀምጣ ድንች ስትልጥ አገኘኋት። የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ሙዓለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና ተቀጥራለች። እናቷ በጋሞኛ ብዙ ነገር ጠየቁኝ፣ እንደ ልጃቸው አቅፈው። ኀፍረቱ ባሰብኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ያወቅኩትን ሁሉ ነገርኳት። አልገረማትም።

"እሱንማ አውቅ ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"ስታስረጂ እንደሚገባሽ። አንዳንዴ የገባኝንም ድገሚልኝ እልሽ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወረቀቱን አመንሽ። እኔ ምን ልበል?"

ለሰኔው አብረን እንመዝገብ አልኳት። ለመንኳት። "እኔን በቃኝ ዕድሌ። ሁለተኛ ያንን ውጤት ከፍቼ ማየት አልችልም።" አልተቆጣችም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና "መጽሐፉን ይዘሻል? በይ አምጪው፣ ልጠይቅሽ" አለች።

ጠየቀችኝ። ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ስኳር በሽታ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ። ሁሉንም መለስኩ፣ አንድም አልሳትኩ። ድሮ እኔ ሳስረዳ እሷም ለራሷ ጥናት ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። ዛሬ ድንቹን እየላጠች ነው የሰማችኝ።