እናታችን፣ ባለኪሷ መምህርት

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1935 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ቤታቸው ፊት ለፊቱ የአናጢ መሥሪያ፣ ጓዳው የስፌት ክፍል ስለነበር ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የአባታቸው ጠፍጣፋ እርሳስና የእናታቸው የልብስ ጠመኔ ከእጃቸው አልተለዩም። በአራት ዓመታቸው በዚያው ጠመኔ የአንድ ደንበኛ ጥቁር ኮት ጀርባ ላይ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ሣሉ። ለቅጣት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲቀመጡ ሲደረግ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነና ግድግዳውን ሞሉት። ልብስ ሰፊዋ አያታችን ኮቱን ወዲያው እንዳራገፉት፣ የግድግዳውን ግን ለማጥፋት አንጀታቸው እንዳልቻለ ያወሩ ነበር።

በ1942 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በሒሳብ ደካማ እንደነበሩ እኛ ልጆቻቸው የድሮ ሪፖርት ካርዳቸውን አግኝተን አረጋግጠናል፤ እርሳቸው ግን ካርዱ የሌላ ሰው ነው እንዳሉ ኖሩ። በ1954 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በጭነት መኪና መናኸሪያ አጠገብ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ሆነው ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ በ1956 ዓ.ም. የሆነውን እንናገራለን። በለቅሶ ላይ የሟች ስሕተት እንደማይነሣ እናውቃለን፤ ታላቅ ወንድማችንም ይህንኑ ብሎ እስከ ትናንት ማታ ተከራክሯል። ነገር ግን የእናታችን ኑዛዜ ነውና አናልፈውም።

በዚያ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ከቤታችሁ አንድ ሰው ሣሉ ብለው አዘዙ። ጓደኞቿ «ጭምቷ» የሚሏት፣ አሥር ዓመት ገደማ የሆናት የሹፌር ልጅ የአንዲት ሴት ፊት ሣለች። የሴትየዋ ግራ ዓይን ከቀኙ ዝቅ ያለ፣ የዓይኑ ቆብም የወደቀ ነበር። እናታችን ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ስለ ፊት አሣሣል በማሠልጠኛው የተባለውን ሁሉ ሸምድደው የወጡ ናቸው። ከልጅቷ አጠገብ ተቀምጠው ያንን ዓይን በላጲስ አጠፉና ከቀኙ ጋር እኩል አድርገው ሣሉላት። ጎበዝ ብለውም አሞገሷት። ልጅቷ ግን ደወል ሲደወል ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ትታ ወጣች።

በማግሥቱ ለምን እንደተወችው ጠየቋት። «እሷ እኮ አይደለችም። የእማዬ ዓይን እንደዛ ነበር» አለቻቸው። እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር፤ የቀረ ፎቶግራፍም የለም። እናታችን ደንግጠው ሌላ ወረቀት ሰጧት። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ሞከረች። ዓርብ ዕለት እርሳሱን መልሳ፣ «አሁን ሳስባት የሚመጣብኝ እርስዎ የሣሉት ነው» አለች። ዓመቱ ሳያልቅ አባቷ ሥራ ለውጦ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳት።

ከዚያች ዓርብ በኋላ እናታችን የተማሪ ሥዕል ለማረም እጃቸውን ዘርግተው አያውቁም። በሥራ ጋዋናቸው ላይ ሁለት ጥልቅ ኪስ አሰፉና በዴስኮቹ መካከል ሲመላለሱ እጆቻቸውን እዚያ መክተት ጀመሩ። «ባለኪሷ» የተባሉት በዚህ ነው። አንድ ጊዜ የመጣ ተቆጣጣሪ፣ መምህርቷ ዕውቀታቸው በቂ ሆኖ ሳለ እጃቸውን ከኪስ አያወጡም ብሎ በፋይላቸው ጽፎባቸዋል። እርሳቸው ግን ጠማማ ነገር ባዩ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ታውቀዋለህ ይሄን ሰው?» ልጁ አውቀዋለሁ ካለ ያልፋሉ። ይህን የምትጽፈው ሴት ልጃቸውም አምስት እግር ያለው ፈረስ ሥላ ስትጠየቅ፣ እየሮጠ ስለሆነ ነው ብላ ድፍን ማርክ አግኝታለች። የሒሳቡ መምህር እንዲህ ያለ ርኅራኄ አልነበራቸውም።

በ1957 ዓ.ም. ቁም ሣጥን ሲያጸዱ ጭምቷ ትታው የሄደችውን ወረቀት አገኙት። ወደ መስኮቱ ጋደል ሲያደርጉት ያልጠበቁትን አዩ። ልጅቷ ስትሥል እርሳሱን አጥብቃ ተጭና ኖሮ፣ ላጲሱ ቀለሙን እንጂ የመስመሩን ጉድጓድ አላነሣውም። የወደቀው ቆብ፣ ዝቅ ያለው ዓይን እንዳለ ነበር። በዚያው ሳምንት ለስድስት ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፉ፤ መናኸሪያው ሄደው ሹፌሮችን አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዱ አባትየው ሥራውን እንደተወ ነገራቸው፤ ሌላው ጭራሽ አላውቀውም አለ። መስመሩን በእርሳስ ተከትሎ ዓይኑን መመለስ ለእርሳቸው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። በስድሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልሞከሩትም።

በ1958 ዓ.ም. የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ። አባታችን ቃል በሚዛን የሚያወጡ ሰው ነበሩ፤ ፍቅራቸውን የገለጹት ከማተሚያ ቤቱ የተረፈ ወረቀት በየሳምንቱ ተሸክመው በማምጣት ነው። ወረቀቱ ረጅምና ጠባብ ቁራጭ ስለነበር የእናታችን ተማሪዎች ከቀጭኔና ከመሰላል ሌላ የሚሥሉት እስኪጠፋ ድረስ ተቸገሩ። አባታችን በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉ እናታችን ለወራት እርሳስ አላነሡም።

ለራሳቸው ሥራም አልሰነፉም። ከ1961 ጀምሮ ለሁለት ዓመት የሥዕል ትምህርታቸውን አሻሽለው፣ አናጢው አያታችን በሚሰጧቸው ጣውላ ላይ የሰፈራቸውን ሰዎች ሣሉ፤ ልብስ አጣቢዋን፣ ትኬት ቆራጩን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ። አንድም ሥዕል የተሣለው ሰው «አዎ፣ እኔ ነኝ» ሳይል አልቋል ብለው አያውቁም። ዘበኛው ጆሮዬ አይደለም በማለታቸው ጆሯቸው አራት ጊዜ ተሠርቷል። በ1981 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሃያ ሦስት ሥዕሎችን አሳይተው ተሸልመዋል።

በ1990 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች በሳሎናቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከሰባ አምስት ዓመታቸው በኋላ የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። ለምን አንድ አሮጌ ወረቀት በጣታቸው ጫፍ እንደሚዳብሱ ያወቅነው የዛሬ ዓመት፣ ልባቸው ታምሞ በተኙበት ክፍል ሦስታችንንም ሰብስበው ሲነግሩን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን መሸከማቸው አናዶናል፤ አሳዝኖናልም። ታላቅ ወንድማችን ይህ በቀብር ላይ አይነበብም ሲላቸው፣ «ሽልማቴን ብትዘሉት ግድ የለኝም። እሷን እንዳትዘሏት» አሉ። በሐኪሞችና በልጆቻቸው ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት አርፈዋል።

እናታችን የሦስት ልጆች እናትና የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ታናሽ እኅታቸውም ዛሬ ከመካከላችን ቆመዋል። ተማሪዎቻቸውን ግን መቁጠር አልቻልንም፤ አንድ እንደሚጎድል ብቻ እናውቃለን።

ጭምቷ ሆይ፣ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎዎታል፤ አያትም ሳይሆኑ አይቀሩም። ይህን እየሰሙ ከሆነ፣ ወይም የሚያውቅዎ ሰው እየሰማ ከሆነ፣ እናታችን ይቅርታ ጠይቀውዎት ነው የሄዱት። ወረቀቱ በእኔ በልጃቸው እጅ ነው። ወደ ብርሃን ጋደል ቢያደርጉት እናትዎ እዚያው አሉ፤ ማንም አልነካቸውም።

ፈጣሪ ለእርሳቸው ዕረፍቱን፣ ለእርስዎም እስክንገናኝ ዕድሜውን ይስጥልን።