ለማቴ ውኃ ሲባል ስለተነቀለው የክትባት ፍሪጅ

ለክቡር ዶን ኤቫሪስቶ ግራሲኒ፣
የከተማችን ብቸኛ ፋርማሲ ባለቤትና ባለሙያ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የተሟላ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ምኞቴም ከልብ ነው፤ ቢታመሙ ከራስዎ ፋርማሲ በቀር የሚሄዱበት የለዎትምና። ከዚህ በመቀጠል፣ አርባ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ እንደመሆኔ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሳንባው ደካማ የነበረውን ወንድሜን ካሲሚሮን ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት ባመጣሁበት ዕለት፣ የክትባቱ ፍሪጅ ሶኬት ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ በቦታው ማቴ ለሚባለው የቅጠል ሻይዎ ውኃ የሚያፈሉበት ማንቆርቆሪያ ተሰክቶ አየሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደተነቀለ በትሕትና ስጠይቅዎ፣ «ከቅዳሜ ወዲህ መሰለኝ፤ ምን ያስጨንቅዎታል ዶኛ ኤርሚንዳ፣ ፍሪጅ እኮ በሩ ካልተከፈተ ሳምንት ይይዛል፤ ማቴ ያልቀመሰ ፋርማሲስት ደግሞ ክንድና ጉልበት አይለይም» ብለው ወረፋ የያዘውን ሕዝብ አሳቁት። እኔም ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታዬን እስከ ዕለተ ሞቴ ይቅር አልለውም።

፪. በፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያ፣ በየቀኑ «አራት ዲግሪ» እየተባለ እስከ ወሩ መጨረሻ ተሞልቶ ነበር። ማክሰኞ ላይ ቆመው የሚመጣውን እሑድ ስለለኩልን እናመሰግናለን፤ ነቢያት እንኳ እስከ ዲግሪ ዝርዝር አልወረዱም።

፫. ካሲሚሮ እጅጌውን ሰብስቦ ሲወጋ፣ «ዘንድሮስ መድኃኒቱ አልቀዘቀዘኝም፤ እጅህ ይባረክ ልጄ» ብሎ መረቀዎት። በሐምሌ ኢንፍሉዌንዛ ሲገድለውም ምርቃቱን መልሶ አልወሰደም። ደህና ክትባት እንኳ ሁሉን ሰው እንደማያድን ያከመችው ሐኪም ነግራኛለች፤ አምናለሁ። ወንድሜ ግን ያንኑ ጠባብ ዕድል እንኳ አላገኘም፤ ቅዝቃዜው የተለየው ክትባት ኃይሉን ያጣልና፣ የተወጋው ለብ ያለ ውኃ ነው።

፬. ለቀብሩ የላኩት የአበባ ጉንጉን ቀዝቅዞ፣ ጠሉ እንኳ ሳይደርቅ ደርሶናል። ማቀዝቀዝ እንደሚያውቁበት ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ያን ዕለት ከተወጉት አርባ አንድ ሰዎች አርባው በሕይወት አሉ፤ «እኛማ ተከትበናል» እያሉ አንዱን የማቴ መምጠጫ ከአፍ ወደ አፍ ይቀባበላሉ፤ ክረምቱም አላለቀም። በመስኮትዎ ላይ «እዚህ ይከተቡ፤ ይጠበቁ» የሚለው ማስታወቂያ ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ ሐሰቱ የሚጀምረው ከሁለተኛው ግስ ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ የእያንዳንዳቸውን በር አንኳኩተው እውነቱን እንዲነግሩና በደህና ክትባት እንዲያስከትቡ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።

ማንቆርቆሪያዎ ከቶ እንዳይቀዘቅዝ እየተመኘሁ፣ በማይጓደል አክብሮት፣

የሟች የካሲሚሮ ባርሶቲ እኅት፣
ኤርሚንዳ ባርሶቲ

ማሳሰቢያ፦ የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር የተከታቢዎቹን ስም ዝርዝር ያስጻፉት እኔን እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። አርባኛው ካሲሚሮ ነበር፤ አርባ አንደኛዋ ወላጅ እናትዎ ዶኛ ኒልዳ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ራሴ አነበብኩላቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው በራቸው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁዎት ነው።