ስለ መሠረት ድንጋዮቻችን፣ ለአዲሱ አስተዳዳሪ

ለተከበሩ አዲሱ አስተዳዳሪያችን፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ እግር የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ቀድሞው አስተዳዳሪ እንቅልፍ የማይረበሽ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ከወንዙ ወዲህ ያለን ነዋሪዎች፣ ወደ ማዶ መሻገር ካለመቻላችን በስተቀር እጅግ ደህና ነን።

ስለ ሥልጣን ርክክቡ እንኳን ደስ ያለዎት። ሥልጣኑ ከፓርቲዎ ወጥቶ ወደ ፓርቲዎ ሲገባ መንገድ ላይ ምንም ሳይጎዳ በመድረሱ ሁላችንም እፎይ ብለናል። በአዳራሹ እንዳየሁት የቀድሞው ተነሡ፣ እርስዎ ተቀመጡ፣ እሳቸውም አማካሪ ሆነው ከጎንዎ ተቀመጡ። አጠገቤ የነበረው ጫማ ሰፊ፣ ወንበር መቀያየር ነው እንዴ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ዝም በል ታሪክ ነው ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

ቅሬታ ለማለት አልደፍርም፤ ጥቃቅን ጉዳዮች ግን እነሆ፦

፩. ስለ ድልድዩ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሦስቱም አስተዳዳሪዎች በተሾሙ ማግስት ወንዛችን ዳር መጥተው የድልድይ መሠረት ድንጋይ አኑረዋል። የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ድንጋይ አልነካም፤ ከጎኑ የራሱን አቆመ እንጂ። እርስዎም ባለፈው ሳምንት የራስዎን ስለጨመሩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እንዲህ ያማረ የድንጋይ ሰልፍ ያለው ሰፈር የት ይገኛል?

፪. ስለ ንግግርዎ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬዎት በቃሌ ስለው ጠባቂዎ ለምን እንዳፈጠጠብኝ አልገባኝም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም፣ ይህችን ንግግር ግን ደጋግሜ ተምሬያታለሁ።

፫. ስለ አክስቴ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ወንዙ አላሳልፍ ስላላት እዚያው ዳር ላይ ወለደች፤ ልጁ አልተረፈም። እዚህ ላይ የምቀልደው አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

፬. ስለ ጠፉት ድንጋዮች። አራቱም ከቦታቸው የሉም ተብሎ ለቢሮዎ ማመልከቻ መግባቱን ሰምቻለሁና ፖሊስ አያስቸግሩ። እኔና ጫማ ሰፊው፣ ከሰፈሩ ተሸካሚዎች ጋር ሆነን፣ በጠራራ ፀሐይ እያንከባለልን ወንዙ ውስጥ ደርድረናቸዋል። ስማችሁ የተቀረጸበትን ወገን ወደ ላይ አድርገነዋል፤ ፊደሉ ጎድጎድ ስለሚል እግር አያንሸራትትም። የፓርቲዎ መሪዎች ተባብረው ሕዝብ ሲያሻግሩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አክስቴም ትናንት ሞከረችው። እኔ በአንድ ወገን፣ ባሏ በሌላ ወገን ደግፈናት፣ የቀደሙትን አንድ በአንድ እየረገጠች እርስዎ ድረስ በሰላም ደረሰች። እርስዎ ላይ ግን ቆመች። ከእርስዎ እስከ ማዶው ዳር ያለው ለእርጉዝ እርምጃ ይሰፋል፤ አንድ ድንጋይ ይጎድላል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት፦ እባክዎ ሥልጣኑን ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ደግሞ ያስረክቡልን። ለማን እንደሆነ አንጨነቅም፤ እናንተም እንደማትጨነቁ አይተናል።

ስምዎን በየቀኑ በታላቅ አክብሮት የምረግጥ፣
ታማኝ ነዋሪዎ፣ ሰፈሩ «ቀበጡ» የሚለኝ

ማሳሰቢያ፦ ተተኪዎ ሲመረጥ ስሙም ማዕረጉም ረዘም ያለ ሰው ቢሆን እንመርጣለን፤ ድንጋዩ ሰፋ ይልልናል። የአክስቴ እግር አብጧል።