ዘይቱን አትንኪው

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የሞተር ዘይቱ ሃያ-ሃምሳ ይሁን ወይስ አምስት-አርባ? ዛሬ መጋላ ገበያ ውስጥ ሦስት ሱቅ ገብቼ ሦስት መልስ ሰማሁ። አንዱ «ለዚህች አሮጊት ሲንቴቲክ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ሳቀ። መኪናዋን ይሁን እኔን አልገባኝም። ሌላው ውዱን ሊያሸክመኝ ቸኮለ። ሦስተኛዋ ባለሱቅ ሆደን ብቻ ወንበር ሰጥታ በደንብ አስረዳችኝ። ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ካለ ዘይቱ ሲሞቅም ወፍራም ነው። ሲንቴቲኩ አምስት-አርባ ደግሞ የድሬን ሙቀትና የሐረርን ዳገት ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም።

ሐሙስ እማዬን ሐረር ማድረስ አለብኝ። የዓይኗ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይህ ቀጠሮ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚገኝ እግዜር ይወቅ። ሚኒባስ ያጥወለውላታል። ኮሮላዋን የገዛሁትም ለዚሁ ነው፣ ከታላቅ ወንድሜ ከኃይሉ፣ ገና ወር አልሞላኝም። መኪና ማሻሻጥ ሥራው ነው። «ለባዳ ከምሸጣት አንቺ ውሰጃት፣ ለእማዬ ትሁን» አለኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ዘይቱን ብቻ አትንኪው፣ አዲስ ነው» አለ።

እኔ ግን ነርስ ነኝ። ማን እንደቀዳው የማላውቀውን መርፌ ለሰው አልወጋም። ምን ዓይነት ዘይት እንዳለባት ሳላውቅ የደንገጎን ዳገት አልወጣም።

የገዛሁት፦
– አምስት-አርባ፣ ሙሉ ሲንቴቲክ፣ አንድ ጋሎን
– የዘይት ፊልትሮ። ርካሹን ሆደን ከእጄ ቀማችኝ። «አቦ ተይው! ወላሂ፣ ኦሪጅናሉ ካርቶኑ ብቻ ነው።»
– የአየር ፊልትሮ። የድሮው አፈር በአፈር ሆኗል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ምነው ባልነካሁት።

ኢብራሂም ጋራዥ ወሰድኳት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው መካኒክ ነው። የታችኛውን ብሎን ሲፈታው ዘይቱ አልፈሰሰም፣ እንደ ማር እየተጎተተ ወረደ። በዚህ ሙቀት! ኢብራሂም በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጦ ከፈተው። ወረቀቱ ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

አዲሱን ዘይትና ፊልትሮ ጨርሶ አስነሣት። ቋ ቋ ቋ። ትናንት ድምፅ ያልነበራት መኪና!

«ሲስተር፣ ዘይትሽ ጥሩ ነው፣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም» አለኝ። «ይሄ ሞተር ድሮ ነው የታመመው። ወፍራም ዘይት ላይ ማወፈሪያ ጨምረው፣ ድምፁ እንዳይሰማ አፉን ዘግተውታል። ማነው የሸጠልሽ?»

«አንድ ደላላ» አልኩት። ወንድሜ ነው ማለት አፈርኩ።

ደንገጎን ትወጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሥራ ቦታ ሆኜ ኃይሉ ጋ ደወልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስከራከርለት ነው ያደርኩት። ምናልባት እሱም አያውቅም፣ ምናልባት እሱንም አታለውት ነው እያልኩ። «ኮሮላዋ ጋራዥ ገብታ…» ብዬ ሳልጨርስ፣

«ዘይቱን ነካሽው እንዴ?» አለኝ።

ስለ ሞተሩ ድምፅ ገና አንዲት ቃል አልተነፈስኩም ነበር።

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ገብቼ የሦስት ሰው ደም ግፊት ለካሁ። የራሴን ቢለኩት ያስተኙኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

በሚኒባስ ሄድን። እማዬ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፣ ደንገጎ ላይና ሐሮማያ ስንደርስ። ፌስታል ይዤ ነበር፣ ደግነቱ።

«መኪናችንስ?» አለችኝ። ዓይኗ ከደፈረሰ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው።

«ጋራዥ ናት። ትንሽ ነገር ነው።»

«ኃይሉ ይባረክ። እሱ ባይኖር መኪናስ ከየት ታገኚ ነበር?»

አሜን አልኩ። ምን ልበል? ቢላዋ ሊነካት የምትሄድ ሴት ፊት ልጇን ልክሰስ?

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። የምናድረው ሐረር ዘመድ ቤት ነው።

አርብ፣ ግንቦት 8

ፋሻውን ፈቱላት። ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ሸበትሽ እኮ!» አለች። ሳቅኩም አለቀስኩም። የዚህ ሳምንት ደግ ነገር ይህ ብቻ ነው፣ ልጻፈው።

ድሬ ስንመለስ ኃይሉ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። በአንድ እጁ ሐብሐብ ለእማዬ፣ በሌላው የወፍራሙ ሃያ-ሃምሳ ዘይት ጋሎን። እሷ ጋደም ስትል ግቢ ጠራኝ። ይቅርታ ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

«ገዢ አግኝቼልሻለሁ» አለ። «ሐርላ መንደር የሚያስተምር ሰው ነው፣ ሰኞ ይመጣል። ይሄን መልሰሽ አስሞዪው። ሰውዬው ስለ መኪና ምንም አያውቅም።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ጋሎኑን ግን ትቶት ሄደ። እኔም ውሰደው አላልኩትም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

እውነቱን ልጻፍ፣ ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። ለኢብራሂም ደውዬ ወፍራሙን ናና ሙላልኝ አልኩት። «አንቺ ካልሽ» አለ። መኪናዋን ቀስ እያደረገ ራሱ አመጣልኝ፤ እሱ ሶላት ደርሶ እስኪመለስ ሞተሩን አሙቂው አለኝ፣ ትኩስ ዘይት ቶሎ ይወርዳል። አስነሣኋት። ቋ ቋ ቋ።

እማዬ ግድግዳ ይዛ ወጣች። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ጥገና ላይ ነው፣ እሷም ከእሱ ጋር ስትኖር ጆሮዋ ተሞርዷል።

«አጥፊው» አለች። «ይሄ ድምፅ ኃይሉ ግቢ የነበረው ነው።»

እስካለፈው ወር እሱ ቤት ነበረች። ግቢው ውስጥ መኪና ይገባል፣ ይወጣል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አታይም። አንድ ቀን በመስኮቷ ሥር ሲያንኳኳ የዋለ ሞተር ድንገት ዝም አለ። ኃይሉ ከራሱ መካኒክ ጋር ሲሳሳቅ ሰማች። «እስክትሸጥ ትችላለች» ሲባባሉ።

«ሰምተሽ ዝም አልሽ?» አልኳት።

ሐኪም ቤት የሰጧትን መነጽር አስተካከለች። ያ አዲስ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እንባ ደግሞ ክልክል ነው።

«ለባዳ መስሎኝ ነው፣ ልጄ።»

ጋሎኑ እግሬ ሥር ነበር። ክዳኑን ከፍቼው ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ኢብራሂምን ትናንትናውኑ መለስኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ እጄም አልታዘዘልኝም ነበር» አለ። ሞተሩ ወርዶ መሠራት አለበት፣ ለዚያ አቅም የለኝም።

ኃይሉ ሦስት ጊዜ ደወለ። እማዬ ስልኩን አየችው፣ አሁን ስሙን ማንበብ ትችላለች። አንሺው አላለችኝም።

መምህሩ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይመጣል። ሲንቴቲኩ ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ሰውየው በር ላይ ሳይደርስ አስነሥቻት እጠብቀዋለሁ፣ ሰምቶ ከፈለገ ይግዛ። የሚፈልግ አይመስለኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮ አለ፤ በምን እንደምንሄድ አላውቅም። ፌስታል ግን ገዝቻለሁ።